ጽሑፉ ለየትኛው አገር ይቆጠራል?

የአንድ አገር ሳይንስ በምን ይለካል? እኛም በክፍላችን ተከራክረንበታል። በ1964 እ.ኤ.አ. ዩጂን ጋርፊልድ 613 መጽሔቶችን አገላብጦ፣ ማን የማንን ጽሑፍ እንደጠቀሰ የሚያሳይ ማውጫ አወጣ። ሐሳቡ ጽሑፍ ፈልጎ ለማግኘት እንዲረዳ ነበር፤ ኋላ ግን አገሮች ይመዘኑበት ጀመር።

ታዲያ ቆጠራው የሚያየው ተመራማሪው የሚሠራበትን ተቋም አድራሻ እንጂ የተወለደበትን አገር አይደለም። አንስታይንን እንውሰድ። ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ጀርመን አልመለስም ብሎ በ1933 ፕሪንስተን ገባ። በ1935 ከፖዶልስኪና ከሮዘን ጋር ያወጣው ዝነኛ ጽሑፍ በዚህ ስሌት የአሜሪካ ነው። ጀርመን እንግዲህ ስንቱን እንዲህ አጣች!

አንዷ ተማሪያችን «እኛ ብንጽፍ የካምፑን ስም አድራሻ እናድርገው?» አለች። ይቻላል፤ የሚቆጠረው ግን ላስጠለለን አገር ነው።