መረብ የሚባል ቤት ነበረን

ትምህርት ቤታችን ደወል አልነበረውም። ከባሕር ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ነበር፤ ዘበኛው በብረት ሲመታው የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ያስጮኸው ነበር። በእንጦጦ ግርጌ ካሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አንዱ ነው፤ ስሙ ይቆየን። ግማሾቻችን በጠዋት፣ ግማሾቻችን በከሰዓት ፈረቃ፣ በአንድ ዴስክ ሦስት አራት ሆነን እየተጋፋን የተማርንበት ነው። በ1990 ዓ.ም. አራተኛ ክፍል ነበርኩ።

ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ልጆች ጋር ስንገናኝ የምንኮራበት አንድ ነገር ነበረን። እኛ "ሃውስ" ነበረን። ርእሰ መምህራችን ተማሪውን ሁሉ በአራት ከፍለው አራት የወንዝ ስም አውጥተውለት ነበር፦ አባይ፣ አዋሽ፣ ተከዜና መረብ። አባይ ሰማያዊ፣ አዋሽ ቢጫ፣ ተከዜ ቀይ፣ መረብ አረንጓዴ ጥብጣብ በግራ ክንዱ ላይ ያስራል። ዓርብ ዓርብ ሰልፍ የምንቆመው በሃውስ ነው። ግቢ የሚጠርገው በተራ ሃውስ ነው። በዓመቱ መጨረሻ የስፖርት ቀን ሲደርስ የጆንያ ሩጫው፣ ሎሚ በማንኪያ ይዞ መሮጡ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ገመድ ጉተታው በሃውስ ነው።

እኔ መረብ ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ስማችን ከመረብ ኳሱ መረብ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ወንዝ መሆኑን የነገረኝ የዴስክ ጓደኛዬ ነው። አባቱ ከወንዙ ማዶ ተወልደው በልጅነታቸው አዲስ አበባ የገቡ መካኒክ ነበሩ። "አባዬ ዋኝቶበታል" አለኝ። ከዚያ በኋላ እሱን የሃውሳችን ባለቤት አድርጌ ነበር የምቆጥረው።

ሃውስ ማለት ቤት ነው። ልማዱ የእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነው፤ እዚያ ልጆቹ በየቤቱ ተከፋፍለው ያድራሉ፣ ይበላሉ፣ ከሌላው ቤት ጋር በጨዋታ ይፎካከራሉ። እንግሊዞች በገዙባቸው አገሮች ሁሉ፣ ማንም የማያድርባቸው የቀን ትምህርት ቤቶች ጭምር ወረሱት። ርእሰ መምህራችን ያገኙት በንጉሡ ዘመን በክፍለ ሀገር ሲማሩ ከአንድ ህንዳዊ የሂሳብ አስተማሪያቸው ነው። በዚያ ዘመን ህንዳውያን አስተማሪዎች ያልደረሱበት የአገራችን ከተማ ጥቂት ነው፤ በየትምህርት ቤቱ ከሂሳብና ከሳይንስ ጋር እንዲህ ያለ ልማድም ትተው ሄደዋል። የእኛ ሃውስ እንግዲህ ጣራም ግድግዳም የሌለው፣ በአንድ ክንድ ጥብጣብ የቆመ ቤት ነበር።

ርእሰ መምህሩ ስሞቹን ያወጡት በ1970ዎቹ ነው። ያን ጊዜ አራቱም ወንዞች በግድግዳችን ካርታ ላይ ከአገር ውስጥ ይነሡ ነበር። መረብ ከአስመራ በስተ ደቡብ ምዕራብ ካለው ደጋ ይነሣል፤ ወደ ደቡብ ወርዶ፣ ወደ ምዕራብ ታጥፎ፣ ሱዳን ሲገባ ጋሽ ተብሎ ከከሰላ ወዲያ አሸዋ ውስጥ ይቀራል። ነገሥታቱ ከወንዙ ማዶ ያለውን አገር "መረብ ምላሽ" ይሉት ነበር። ጣሊያን በ1882 ዓ.ም. ያንኑ አገር ኤርትራ ብሎ ሰየመው፤ በ1892 በተፈረመው ውል መረብ የወሰን ወንዝ ሆነ። በ1945 በፌዴሬሽን፣ በ1955 ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ወሰኑ ቀረ ተባለ። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ ስትሆን መረብ እንደገና ድንበር ሆነ። በትምህርት ቤታችን ግን ያው አረንጓዴ ጥብጣብ ነበር። ማንም ልብ አላለውም።

ግንቦት 4 ቀን 1990 ዓ.ም. ባድመ ላይ ጦርነት ተነሣ። ግንቦት 28 ቀን የኤርትራ አውሮፕላኖች መቀሌ የሚገኘውን የአይደር ትምህርት ቤት ደበደቡ፤ ልጆቹ እንደኛ ያሉ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። በዚያው ዕለት የአስመራ አውሮፕላን ማረፊያም ተደብድቧል። ወሬውን በሬዲዮ ከወላጆቻችን ጋር ሰምተን በማግስቱ ወደ ሜዳው ይዘነው ሄድን። ከተከዜ ሃውስ የሆነ ትልቅ ልጅ ወደ እኛ ሰልፍ ዞሮ "ሻዕቢያ!" አለ። ቀጥሎ አዋሾች፣ ቀጥሎ አባዮች። ተከዜ ራሱ ታች ሲወርድ ሰቲት ተብሎ የዚያው ድንበር ወንዝ መሆኑን ያን ቀን የሚነግራቸው አልነበረም።

እኔ ያደረግሁትን ልጻፍ። ጥብጣቤን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት። ከዴስካችን ከሦስታችን ሁለታችን ፈታን። ጓደኛዬ አልፈታም። አየኝ፤ ምንም አላለኝም።

ኤርትራዊ ናቸው የተባሉ ሰዎችን ከአገር ማስወጣት የተጀመረው በሰኔ መጀመሪያ ነው። በሌሊት ከየቤታቸው ተወስደው በአውቶቡስ፣ አንዳንዱ በቡሬ በኩል ወደ አሰብ፣ አንዳንዱ በሁመራ በኩል ወደ ኦምሐጀር ተሸኙ። የሰብአዊ መብት ድርጅቶች እስከ ጦርነቱ ማብቂያ የተባረሩትን ወደ 75 ሺህ ይገምታሉ። ከኤርትራም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን እንዲሁ ተባረዋል። የጓደኛዬ አባት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበሩ። እሱ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት አልመጣም፤ በክረምቱ እናቱና ልጆቹ ተከተሉ።

በመስከረም 1991 ስንመለስ ከአዳራሹ ግድግዳ ላይ መረብ በኖራ ተቀብቶ፣ በላዩ "ኦሞ" ተጽፎ አገኘነው። ጥብጣቡ ያው አረንጓዴ ነው። ኖራው ስስ ስለነበር ዝናብ ሲመታው "መ" ከ"ኦ" ሥር ብቅ ትል ነበር።

ስም መፋቅ ለአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች እንግዳ አይደለም። እናቴ የተማረችበት እቴጌ መነን ከአብዮቱ በኋላ የካቲት 12 ተባለ፤ ተፈሪ መኮንን እንጦጦ ሆነ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኮከበ ጽባሕ ሆነ። የእንግሊዙ ጄኔራል ዊንጌት ግን የማንም እጅ ሳይነካው እስከ ዛሬ አለ። የገዛ እቴጌአችንን ፍቀን የሰው አገር ጄኔራል ማስቀረታችን ሁልጊዜ ይገርመኛል። እናቴ ግን "የት ተማርሽ?" ስትባል ዛሬም "መነን" ነው የምትለው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ርእሰ መምህሩን ጡረታ ወጥተው ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው።

"ጋሼ፣ መረብን ያስፋቀዎት ማነው? ከበላይ ታዘው ነው?"

"ማንም አላዘዘኝም፤ ራሴ ነኝ የቀባሁት" አሉኝ። "ልጆቹ ይሰደባሉ። ሁለት ወር ዝም ብዬ አየሁ፤ ከዚያ ኖራ ገዛሁ።"

"ልክ ሠራሁ ይላሉ?"

"ስድቡ ቆመ" አሉ። ቡናቸውን ፉት ካሉ በኋላ፣ "ተሳዳቢዎቹን መቅጣት ነበረብኝ። አንተስ፣ መረብ አልነበርክም?"

"ነበርኩ" አልኳቸው። ስለ ጥብጣቡ ግን ሳልነግራቸው ወጣሁ።

ጦርነቱ በ1992 ቆመ፤ በታኅሣሥ 1993 አልጀርስ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ስልክ ግን እንደተቆረጠ ሃያ ዓመት ኖረ። በሐምሌ 2010 ሁለቱ መንግሥታት ሰላም ሲያወርዱና መስመሩ ሲከፈት፣ ሰው ሁሉ በዘፈቀደ አስመራ እየደወለ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲላቀስ በነበረበት ሳምንት፣ አንድ የማላውቀው ቁጥር ጠራ። የእናቱ ዘመድ ከቀድሞ ሰፈራችን ቁጥሬን አፈላልጋ ሰጥታው ኖሯል። አማርኛው አልተለወጠም፤ ያው የአራተኛ ክፍል አማርኛ ነው። አባቱ ማረፋቸውን፣ ሁለት ልጆች እንዳሉት ነገረኝ። ይቅርታ ልጠይቀው ስሞክር አቋረጠኝ።

"እሱን ተወውና፣ ያኔ ገመድ ጉተታውን ማን በላ?"

"አዋሽ" አልኩት።

"እኔ ብኖር አይበሉም ነበር" አለ።