ብርዝ የት ሄደ?

የዛሬው ታሪክ ከሠርግ ይጀምራል።

ባለፈው ጥር እዚሁ ዳሪሙ ሠርግ ተጠርቼ ሄድኩ። የቀድሞ ተማሪዬ ከዳሱ ውጭ ብቻውን ቆሟል። "ለምን አትገባም?" አልኩት። "ቲቸር፣ መጠጥ ካቆምኩ ስምንት ወሬ ነው። ከገባሁ 'አንድ ብቻ' ይሉኛል። እምቢ ስል ደግሞ 'ምን ሆነህ ነው?' ይመጣል" አለኝ። ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም።

አንዳንዶቻችሁ በድግስ ላይ ላልጠጪ ቦታ ማዘጋጀት የዘመኑ ፈሊጥ ይመስላችኋል። አይደለም እኮ! የድሮ ደጋሽ ጠጅ ሲጥል ብርዝም ያዘጋጅ ነበር። ሁለቱም ማርና ውሃ ናቸው፤ የሚለያያቸው ጌሾውና ቀኑ ነው። ጠጅ ጌሾ ገብቶበት፣ ሰንብቶ ሲፈላ ያሰክራል። ብርዝ ግን ማሩ በውሃ ተበጥብጦ ሳይፈላ ይጠጣል፤ ከሰነበተ እሱም መፍላት ይጀምራል። በኦሮምኛ ቡልቡላ የምንለው ነው። ለሙስሊም እንግዳ፣ ለልጅ፣ መጠጥ ለማይደፍር ሁሉ ይቀርባል። ከተቆላ ገብስ የሚሠራው ቀሪቦም እንደዚሁ።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ብርዝ በብርሌ ሲቀዳ ከሩቅ ጠጅ ይመስላል። ማንም ማንን አይጠይቅም። ዛሬ ግን የቢራ ሣጥን ተደርድሮ፣ ላልጠጪው ለስላሳ ሲሰጠው ጠርሙሱ ራሱ ያሳብቅበታል።

የገዛ ቡናችንም የሚያስተምረን አለ። በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ቡና ለብዙ ዘመን "የእስላም መጠጥ" እየተባለ ይራቅ ነበር። ይህ የላላው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በምኒልክ ጊዜ ነው። በ1894 ዓ.ም. ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ተዋውለው በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ የጎሬ ቡናም በጋምቤላ በኩል ወደ ሱዳን ይወርድ ጀመር። አንድ ጊዜ ሰው ይለይ የነበረው ቡና ዛሬ ሙስሊሙንም ኦርቶዶክሱንም ጴንጤውንም አንድ ረከቦት ዙሪያ ያስቀምጣል።

በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ከልክሏል። ጥሩ ነው። ግን አዋጅ ዳስ ውስጥ ገብቶ "ጠጣ እንጂ!" የሚለውን አጎት ዝም አያሰኝም። ያ የኛ ሥራ ነው።

ያን ዕለት እኔም ቢራዬን ተውኩና ልጁን ይዤ ቡና ወደምታፈላው እናት ሄድን። ትንሽ ቆይቶ ሌሎች ሦስት ሰዎች መጥተው ተቀመጡ። ለካ ብቻውን አልነበረም።

የዘንድሮ ደጋሾች፣ አንድ እንስራ ብርዝ ጨምሩልን። ማሩ እንደሆነ ደጃችን ነው። በብርሌ ቅዱት፣ "ለምን አትጠጣም?" የሚለውንም ተዉት። አያቶቻችሁ ብርዝ እንዴት ያዘጋጁ እንደነበር የምታውቁ ደግሞ ጻፉልኝ፤ ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ።