በዘመነ መጸው የሐዘን መጽሐፍ ስለ መምረጥ



በዋግ ደጋ ክረምቱ የሚሸኘው በዘፈን ነው። ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ የሰቆጣና የአካባቢው ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ለምለም ቄጠማ በወገባቸው አስረው ይጫወታሉ፤ ዕንቍጣጣሽ ይመጣል፤ የመስቀል ደመራ ይበራል፤ መስከረም 26 ቀንም ዘመነ መጸው ይገባል። ያን ጊዜ ሰማዩ ይጠራል፤ ማታ ማታ ብርዱ ይጠነክራል፤ ሰውም በጊዜ ወደ ቤቱ ይሰበሰባል። ከቢሮ የተመለሰ ሰው ጋቢውን ደርቦ መጽሐፍ ለመግለጥ ከዚህ የተሻለ ወራት አያገኝም። ይሁን እንጂ አደይ አበባ ለሁሉ ቤት እኩል አይፈነዳም። አምና አብሮት የነበረውን ሰው ዘንድሮ ያጣ ሰው በበዓሉ መካከል ሐዘኑ ይታደስበታል። እንዲህ ላለው ሰው የትኛውን ልብ ወለድ እናቅርብለት? የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ነው።

አስቀድመን የዋግን ታሪክ እንመልከት። ዋግሹም ገብረ መድኅን በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በንጉሡ ትእዛዝ ተገደሉ። ልጃቸው ዋግሹም ጎበዜ ሸፈቱ፤ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ ሐምሌ 1863 ዓ.ም. በአድዋ አጠገብ ድል ሆነው በኋላ በእስር ሞቱ። ከማይጨው ጦርነት በኋላም ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ የዋግንና የላስታን አርበኞች አስነሥተው ከፋሺስት ጋር ተዋጉ፤ መስከረም 1930 ዓ.ም. ተገደሉ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ለሕዝብ ማስፈራሪያ እንዲታይ ተደረገ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ደግሞ ከዋግ የተነሣ ብዙ ሕዝብ ምግብ ፍለጋ ወደ ኮረም ተጓዘ፤ በጥቅምት ወር በዚያ የተነሣው ፊልም ዓለምን ሁሉ አስደነገጠ።

የታሪክ ጸሐፊ ይህን ሁሉ በጥቂት መስመር ይጨርሰዋል። ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንደ ነገሠ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ሆነ ይነግረናል። ልጁ የአባቱን መርዶ በሰማበት ሌሊት በልቡ የዋለውን ግን አይነግረንም፤ ሥራውም አይደለም። ያን ይናገር የነበረው አልቃሽ ነው። አልቃሽ የሟቹን ስም ትጠራለች፤ ቸርነቱን፣ ጀግንነቱን፣ አነጋገሩን እያነሣች ሙሾ ታወርዳለች፤ የቆመውም ሕዝብ በዚያ አሳብቦ የራሱን ሙት ያለቅሳል። ደግሞም ልማዳችን ለሐዘን ጊዜ ወስኖለታል፤ ሠልስት አለ፤ አርባ አለ፤ ሰማንያ አለ፤ ሙት ዓመት አለ። ሐዘን በአንድ ቀን እንዲያልቅ የጠየቀ አባት አልነበረም።

የዛሬ ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ ግን ከትውልድ አገሩ ርቆ ይኖራል። መርዶው በስልክ ይደርሰዋል፤ የሐዘን ፈቃዱ ጥቂት ቀን ነው፤ አርባው ሳይወጣ ከመዝገቡና ከማኅተሙ ፊት ይቀመጣል። ባልደረቦቹ «እግዜር ያጥናህ» ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። የቀረውን ሐዘን ብቻውን ይወጣዋል። ልብ ወለድ መጽሐፍ የአልቃሽን ሥራ የሚሠራው ለእንደዚህ ያለው ሰው ነው።

የአማርኛ ልብ ወለድ ይህን አገልግሎት የጀመረው ከልደቱ አንሥቶ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት፣ ኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚነሣው ከጦርነት ሽንፈትና ከአባት ምርኮ ነው። የቤቱ ሰዎች አንዱ ሌላውን ፍለጋ ይንከራተታሉ። መጨረሻው መገናኘት ስለ ሆነ ሐዘኑ ገና ትኩስ ለሆነበት፣ ብርታት ለሚሻ ሰው የሚስማማ መጽሐፍ ነው።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ያወጡት «አዲስ ዓለም» ሌላ ጥያቄ ያነሣል። በውጭ አገር ተምሮ የተመለሰው ዐወቀ አባቱ በሞተ ጊዜ ብዙ ገንዘብ የሚፈስበትን የተዝካር ድግስ በመቃወሙ ከዘመዶቹ ጋር ይጋጫል። በሐዘኑ ላይ የወጪና የይሉኝታ ሸክም ለተጨመረበት ሰው ይህ መጽሐፍ እውነተኛ ወዳጅ ነው።

የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ባነበበው ጊዜ ማንበብ የማይችለው ሁሉ ሳይቀር የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ዕጣ ሰምቶ አልቅሷል። በዚህ መጽሐፍ ሞት ማንንም አይምርም። ስለዚህ በሠልስቱ ለተቀመጠ ሰው አይሰጥም፤ ሰማንያው ካለፈ በኋላ፣ ዕንባው ደርቆ ልቡ ግን ለከበደበት ሰው ይሰጣል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፋ። በጦርነት ሰው ያጣ ወይም የሚጎበኘው መቃብር የሌለው ሰው ይህን መጽሐፍ ሲያነብ ብቻውን እንዳልሆነ ያውቃል።

ዋግም ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የራሷን ልጅ ሰጥታለች። በአምደ ወርቅ የተወለዱት ማሞ ውድነህ በፋሺስት ወረራ ዘመን በሕፃንነታቸው ወላጆቻቸውን አጥተዋል። ሆኖም ጋዜጠኛ፣ ደራሲና ተርጓሚ ሆኑ፤ የደራሲያን ማኅበርን መሩ፤ በስተ እርጅናቸውም ስለ ሰላም ሲሸመግሉ ኖረው በ2004 ዓ.ም. ዐረፉ። ሐዘን ዘር ብቻ ነው፤ ፍሬው ቂም ወይም ምሕረት የሚሆነው በሚያርሰው እጅ እንደ ሆነ ሕይወታቸው ያስረዳል።

እንግዲህ መጽሐፍ ስትመርጡ ሦስት ነገር መርምሩ። መጀመሪያ፣ ሟቹን በስሙ የሚጠራና በሕይወት እንደ ነበረ የሚያሳይ ይሁን፤ ምክር ብቻ የሚያበዛ መጽሐፍ ዕንባን ይከለክላል። ሁለተኛ፣ የሐዘንተኛውን ጊዜ መዝኑ፤ መድኃኒት ያለ ሰዓቱ ሲሰጥ ይጎዳል። ሦስተኛ፣ መጽሐፉን ሰጥታችሁ አትሂዱ፤ በማታው ብርድ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ጥቂት ገጽ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት። ልቅሶ ደራሽ ማለት ከቀብር በኋላም የሚመጣ ሰው ነውና።