ኢኮኖሚክስ በትርፍ ሰዓት፦ ከድሬዳዋ ጉምሩክ እስከ ጋይንት ገበያ

ኢኮኖሚክስ ወደ አገራችን የገባው በዩኒቨርሲቲ በር ሳይሆን በጉምሩክ በር ነው። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የድሬዳዋን ጉምሩክ ሲያስተዳድሩ የሚወጣውንና የሚገባውን ሸቀጥ በዓይናቸው ያዩ ሰው ነበሩ። ጥሬ ዕቃ ሸጦ የፋብሪካ ዕቃ የሚገዛ አገር ከልፋቱ የሚያተርፈው ለምን ጥቂት እንደሚሆን የመረመሩበት «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው እርሳቸው በ1911 ዓ.ም ካረፉ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም ነው። ወንበርም ተማሪም አልነበራቸውም። የአገሪቱ የመጀመሪያው የኢኮኖሚክስ መምህር ከመንግሥት ሥራው በተረፈው ሰዓት ያስተማረ ሰው ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

መደበኛው ትምህርት ዘግይቶ መጣ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም ተከፈተ፤ በ1954 ዓ.ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረትም የእርሱ አካል ሆነ። ጥቂት ቆይቶ የቢዝነስ አስተዳደር ኮሌጅ ታከለበት። ሠራተኛው ሕዝብ ማታ የሚማርበት «ኤክስቴንሽን» ደግሞ ቀን በባንክና በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የሚውለውን ባለሙያ ማታ ጠመኔ አስጨበጠው። የትርፍ ሰዓት መምህር የሚባለው ሰው በከፍተኛ ትምህርታችን ውስጥ ቋሚ ቦታ ያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ መምህር ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የዋለበትን ይዞ የሚመጣው ነው፤ ስለ ብድር ሲያስተምር ጠዋት ያየው የብድር መዝገብ ከፊቱ አለ። ሁለተኛው በሰዓት ተከፍሎት፣ የቆየ ማስታወሻ አንብቦ፣ ወደሚቀጥለው ኮሌጅ የሚሮጠው ነው። በእርሱም ላይ ለመፍረድ አንቸኩል። የሚከፈለው ለቆመበት ሰዓት እንጂ ላነበበበት፣ ለተዘጋጀበትና ተማሪ ላማከረበት አይደለም። ቋሚው መምህርም ቢሆን ሁልጊዜ ቋሚ አልሆነልንም። በ1985 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን ሲባረሩ፣ ኑሮውን ሁሉ የኢትዮጵያን ኋላቀርነት በመመርመር ያሳለፈው ኢኮኖሚስቱ ዶክተር እሸቱ ጮሌ አንዱ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው አሰናብቶ ክፍለ ጊዜውን በሰዓት ተከፋይ መሸፈን ይቻላል፤ ዕውቀቱን መሸፈን ግን አይቻልም።

ዛሬ ጥያቄው የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ኮሌጅ አለው። ከከተማዋ ወደ ምሥራቅ፣ የጉናን ተራራ ታክኮ ቻይና በሠራው መንገድ የሚጓዝ ሰው ላይ ጋይንት ይደርሳል፤ ነፋስ መውጫን ያገኛል። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ታች ጋይንትና ስማዳ እስከ በሽሎና ዓባይ ገደል ይወርዳሉ። እስቴም በጉና ሥር ተዘርግቷል። በደጋው ገብስና ድንች፣ በወይና ደጋው ጤፍ፣ በቆላው ማሽላ የሚመረትበት ይህ አገር ለኢኮኖሚክስ ተማሪ የተከፈተ መጽሐፍ ነው። የሚገልጠው ግን ስንቱ ነው?

አንዱን ገጽ እንግለጥ። ገበሬው እህሉን ወቅቶ እንዳስገባ፣ በታኅሣሥና በጥር፣ የማዳበሪያ ዕዳና የመሬት ግብር ይጠብቀዋል። ጎረቤቱም እንደዚሁ ነውና ሁሉም ባንድ ጊዜ ወደ ገበያ ያወጣል፤ ዋጋው ይወርዳል። ክረምት ሲገባ ጎተራው ይራቆትና በርካሽ የሸጠውን እህል በውድ ይሸምታል። በክፉ ዓመት ደግሞ እህል ለመግዛት በጉን ይነዳል። በግ የሚነዳው ሁሉ ነውና የበግ ዋጋ ሲወድቅ የእህል ዋጋ ይወጣል። የአቅርቦትና የፍላጎት ሕግ በቺካጎም በነፋስ መውጫም አንድ ነው የሚለኝ ቢኖር አልከራከረውም። ሕጉ አንድ ነው፤ ዋጋ እስኪሻሻል መጠበቅ የሚችለውና የማይችለው ሰው ግን አንድ አይደሉም።

ከበሽሎ ማዶ ያለው ወሎ ይህን ለዓለም አስተምሯል። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው የረሃብ ጥናቱ የ1965 እና የ1966ቱን የወሎ እልቂት ከዋና ማስረጃዎቹ አንዱ አድርጎ፣ ሰው የሚራበው እህል ከአገር ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን እህል የሚያገኝበት አቅም ሲጠፋበት ጭምር መሆኑን አስረዳ። የወንዙ ማዶ ታሪክ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ወደ ስማዳ ልጅ ተመለሰ ማለት ነው።

ሌላም ገጽ አለ። በ1997 ዓ.ም የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ጋይንትንና ስማዳን ያቀፈ ነበር። ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ይሁን ወይስ በእህል የሚለው ክርክር የሊቃውንት ብቻ ይመስል ነበር። በ2000 ዓ.ም የእህል ዋጋ ሲንር ግን በገንዘብ የሚከፈለው ድሃ የተቆጠረለት ብር በእጁ ላይ ሲሟሽሽ አየ፤ በየአገሩም ብዙው ተረጂ እህሉን መረጠ። የዋጋ ግሽበት ማለት ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየትኛው የባሕር ማዶ መጽሐፍ ይገኛል?

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የወረዳው የፋይናንስ ባለሙያ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ፣ የሴፍቲኔቱን ዝርዝር ለዓመታት የያዘው የግብርና ባለሙያ፣ እነዚህ ሁሉ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ወራሾች ናቸው። ዩኒቨርሲቲ የትርፍ ሰዓት መምህር መቅጠሩ ካልቀረ፣ የክፍለ ጊዜ መሙያ ሳይሆን የገበያውን መዝገብ ይዞ የሚመጣ ሰው ይጋብዝ፤ ለዝግጅቱም ይክፈለው። ቋሚው መምህር ንድፈ ሐሳቡን፣ እንግዳው መምህር ገበያውን ይዘው ባንድ ክፍል ይገናኙ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ያለንን ንቀን የሌለንን ስንሸምት ኖረናል።

ይህ የትምህርት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የፖለቲካም ጉዳይ ነው። እናቱ በጥር ሸጣ በሐምሌ ለምን እንደምትሸምት ማስረዳት የማይችል ምሩቅ፣ ነገ በቢሮ ወንበር ሲቀመጥ ድህነቷን የስንፍናዋ ውጤት አድርጎ ሪፖርት ይጽፋል። ሪፖርቱም ፖሊሲ ይሆናል። የፖሊሲው ዋጋ ደግሞ የሚከፈለው በዩኒቨርሲቲው ግቢ ሳይሆን በወገዳና በአርብ ገበያ ነው።

ቸር ይግጠመን።