ማማው ሲጠፋ የሚቀረው ድምፅ፦ አማተር ሬዲዮ ከአቃቂ እስከ ሚዛን

ሚዛን ተፈሪና ቴፒ አካባቢ የኖረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ክረምቱ ሲበረታ መብራት ይሄዳል። መብራቱ ሲቆይ የስልክ ማማው ባትሪ ያልቃል። ከዚያ ከኮረብታው ማዶ ያለው ቀበሌ ጸጥ ይላል። ያኔ በእጅ ያለው ስልክ ከባትሪ መብራትነት አያልፍም።

ያለ ማማና ያለ ኬብል መነጋገር ግን አዲስ ነገር አይደለም፤ መቶ ዓመት አልፎታል። መንገዱን ካቀኑት መካከል ደግሞ ለደመወዝ ሳይሆን ለፍቅር የሚሠሩ ሰዎች፣ አማተሮች፣ ይገኙበታል።

እ.ኤ.አ. በ1912 የወጣ የአሜሪካ ሕግ አማተሮችን ከ200 ሜትር በታች ወዳለው አጭር ሞገድ ገፋቸው። ባለሙያዎች «ሩቅ አይሄድም» ብለው የናቁት ሞገድ ነበር። በኖቬምበር 1923 ግን ፈረንሳዊው ሌዎን ደሎይና አሜሪካዊው ፍሬድ ሽኔል በዚያው በተናቀው ሞገድ አትላንቲክን ተሻግረው ተነጋገሩ። መንግሥታትና ኩባንያዎች ጥቅሙን አይተው ተከትለው ገቡበት።

በኢትዮጵያ ሬዲዮ የገባው በቤተ መንግሥት በር ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ጦርነቱ ሊጀመር ሲል፣ ድምፃቸውን ለዓለም ያሰሙት በአቃቂ ጣቢያ በኩል ነበር። ወራሪው አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት ጣቢያው እንዳይሠራ ተደረገ። ሬዲዮ የመንግሥት አፍ ነው፣ ያለዚያም የጦር መሣሪያ ነው የሚለው አስተሳሰብ ከዚያ ጀምሮ ሥር ሰደደ።

በንጉሡ ዘመን አማተር ሬዲዮ ነበረ፤ ነገር ግን በብዛት የውጭ ዜጎች ነገር ነበር። አስመራ ቃኘው ጣቢያ የሰፈሩ አሜሪካውያን ወታደሮች ሳይቀሩ የራሳቸው የአማተር ጣቢያ ነበራቸው። በደርግ ዘመን ደግሞ የኢትዮጵያ ጥሪ በአየር ላይ እምብዛም አይሰማም ነበር። ዛሬ በይበልጥ የሚታወቀው በአምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ግቢ ያለው የክበብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ነው። «ኢቲ» በዓለም አቀፍ ስምምነት ለኢትዮጵያ የተሰጠ የጥሪ መነሻ ነው። ብርቅ በመሆኑም ሲሰማ ከብዙ አገር ያሉ አማተሮች ለመገናኘት ይሻማሉ።

ብርቅ መሆን ግን ኩራት አይደለም። ይህን በሚያህል አገር የሚናገሩት ጥቂቶች ናቸው ማለት ነው። ከኋላው ያለው ጥርጣሬም ከሙያው ጋር አይገጥምም። አማተር የጥሪ ምልክቱን እየተናገረ ነው የሚያወራው። ዓለም አቀፉ ደንብ በተለያዩ አገሮች አማተሮች መካከል መልእክትን በምስጢር ኮድ መደበቅን ይከለክላል። የሚሰማው ማንም ነው፣ ተቆጣጣሪውን ጨምሮ። ያው ደንብ አገሮች አማተሮቻቸው ለአደጋ ጊዜ ግንኙነት እንዲዘጋጁ ያበረታታል።

ጀማሪ የሚጀምረው በመስማት ነው። ብዙ ቤት የአሜሪካ ድምፅና ዶቼ ቬለ የሚሰማበት አጭር ሞገድ ሬዲዮ ነበረው። ለአማተር የሚሆነው ግን ኤስኤስቢ የሚባለውን አነጋገር የሚቀበል ዓይነት ነው። ከ7.0 እስከ 7.2 ሜጋኸርዝ ያለው ክልል ጥሩ መጀመሪያ ነው። ለዚህ ሞገድ አንቴናው ግራና ቀኝ አሥር አሥር ሜትር የተዘረጋ ተራ ሽቦ ነው። በሁለት ዛፎች መካከል ዝቅ ብሎ ሲሰቀል ድምፁ ወደ ላይ ወጥቶ ከላይኛው አየር ተመልሶ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ዙሪያ ይወርዳል። ስለዚህ ኮረብታና ጫካ አያግደውም። ከሚዛን አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ በዚህ ክልል ውስጥ ይገባል።

መናገር ግን ፈቃድ ይጠይቃል። የአየር ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ያለ ፈቃድ ማሰራጨት ሕግ መጣስ ነው፤ የቆየውን ጥርጣሬም ያጸናል።

ሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው። መምህራን አሉ፣ ተማሪዎች አሉ፣ ሽቦ የሚሰቀልበት ዛፍም አይቸግርም። አንድ ክበብ፣ አንድ ጣቢያና አንድ የመኪና ባትሪ ለመነሻ ይበቃል። ፈቃዱ ደግሞ አዲስ አበባ መመላለስ ለማይችል ተማሪም መድረስ አለበት። መነጋገርን መልመድ ያለበት ሰው ማማው ከመጥፋቱ በፊት ነው፤ በጠፋበት ሌሊት ሬዲዮ መማር አይቻልም።