የምንጣፍ ገበና

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ከምሠራበት የጥገና ሱቅ ተነስቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሁለት ሰዓት ያህል የነዳ ሰው ካንተን ይገባል። ከካንተን ክሊቭላንድ ደግሞ ሩቅ አይደለም። እጀታውን ይዘን፣ ቆመን የምንገፋው ቫኪዩም ተሠርቶ፣ ተሸጦ፣ ስም አውጥቶ ያደገው በእነዚህ ሁለት ከተሞች ዙሪያ ነው። እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ የምጠግነው የልብስ ስፌት መኪና ነበር። አሜሪካ ስመጣ እጄ የሚያውቀው ቺንጋ፣ ኩሽኔታና የሞተር ካርቦን ስለነበር እንጀራዬ እዚሁ ሆነ።

ሱቁ ውስጥ ስውል አንድ ነገር አስተውያለሁ። ውድ ቫኪዩም ያለው ደንበኛ ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፍ ከብልሽቱ በፊት የሚነግረኝ ዋጋውን ነው። ቀጥሎ ማን እንደሸጠለት፣ ሻጩ የትኛው ክፍል ውስጥ እንደተንበረከከ፣ የዚያን ዕለት ከምንጣፉ ምን እንደወጣ ይተርክልኛል። ስለ ፍሪጁ እንዲህ የሚተርክ ሰው እስካሁን አላየሁም። የዕቃውን ታሪክ ወደ ኋላ ስከታተለው ምክንያቱ ተገለጠልኝ፤ ይህ ማሽን ከልጅነቱ ጀምሮ ገበያ ያገኘው የቤቱን ገበና ለራሱ ለባለቤቱ እያሳየ ነው። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ቫኪዩም ከመምጣቱ በፊት ምንጣፍ የሚጸዳው ውጭ አውጥቶ፣ ገመድ ላይ ሰቅሎ፣ በዱላ በመደብደብ ነበር። በ1876 የግራንድ ራፒድስ፣ ሚሺጋን ነጋዴ የነበረው ሜልቪል ቢሴል በእጅ የሚገፋ መጥረጊያ አስመዘገበ። ጎማው ሲሽከረከር ብሩሹን ያዞራል፤ ብሩሹ ፍርፋሪውን ወደ ሣጥኑ ይወረውራል። ፍርፋሪውን ያነሳል፤ አቧራውን ግን ቀስቅሶ ይተወዋል። በ1901 የእንግሊዙ መሐንዲስ ሁበርት ሴሲል ቡዝ አቧራን ስቦ ማውጣት እንደሚቻል አሳየ። ማሽኑ በፈረስ የሚጎተት፣ በቤንዚን ሞተር የሚሠራ ግዙፍ ነገር ነበርና መንገድ ላይ ይቆማል፤ ቱቦዎቹ በመስኮት ወደ ቤት ይገባሉ። በ1902 ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል የዌስትሚኒስተር አቢን ምንጣፎች ያጸዳው ይኸው ነው። ቡዝ ከቱቦዎቹ አንዳንዶቹን ውስጣቸው እንዲታይ አድርጎ ሠራቸው። የለንደን ወይዛዝርትም እንግዳ ጠርተው፣ ሻይ እየጠጡ፣ ከገዛ ምንጣፋቸው የወጣው አቧራ በቱቦው ውስጥ ሲጓዝ ይመለከቱ ነበር። የንግዱ ብልሃት ያኔ ተገኘ።

የካንተኑ ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ የጽዳት ሠራተኛ ነው። ጄምስ መሪ ስፓንግለር በዞሊንገር መደብር ወለል ይጠርግ ነበር። ዕድሜው ወደ 60 ተጠግቷል፤ አስም አለበት፤ የሚገፋው መጥረጊያ የሚያስነሳው አቧራ ትንፋሽ ይነሳዋል። በ1907 የማራገቢያ ሞተር፣ የሳሙና ሣጥን፣ የመጥረጊያ እንጨትና የትራስ ልብስ አገጣጠመ። ሞተሩ ከፊት ያለውን ብሩሽ በቺንጋ ያዞራል፤ ማራገቢያው አቧራውን ስቦ ከኋላ ወደተንጠለጠለው የትራስ ልብስ ይተፋዋል። በ1908 የፈጠራ መብቱን አገኘ። ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ ብዙ ባለ ከረጢት ቫኪዩም ስፈታ የማየው ያንኑ አሠራር ነው። ስፓንግለር ከመቃብር ቢነሳ ካቻቪቴውን ተቀብሎኝ ሥራውን ይቀጥል ነበር።

ስፓንግለር ለማምረት የሚበቃ ገንዘብ አልነበረውም። ማሽኑን ለሱዛን ሁቨር አሳያት፤ እሷም ቤቷ ሞክራው ለባሏ ለዊልያም ነገረችው። ዊልያም ሁቨር ኋላ ኖርዝ ካንተን በተባለችው በኒው በርሊን ኮርቻና የፈረስ ዕቃ የሚያሠራ ባለፋብሪካ ነበር። አውቶሞቢል መጥቶ ፈረሱን ሊያስቀርበት ስለሆነ ሌላ ሥራ ይፈልግ ነበርና መብቱን በዚያው በ1908 ገዛ። ስፓንግለር ከድርጅቱ ጋር እየሠራ፣ ከሽያጩም ድርሻውን እያገኘ ቆይቶ በ1915 አረፈ።

የመጀመሪያው ማሽን፣ ሞዴል ኦ፣ 60 ዶላር ነበር። ሄንሪ ፎርድ ከስድስት ዓመት በኋላ ለሠራተኞቼ በቀን 5 ዶላር እከፍላለሁ ሲል አሜሪካ ጉድ አለች፤ ጉድ በተባለለት በዚያ ደመወዝ እንኳ ማሽኑ የ12 ቀን ልፋት ይበላል። መብራትም እንደ ልብ አልነበረም። በ1920 ራሱ መብራት የገባው ከሦስት ቤት አንዱ ቢሆን ነው፤ የግድግዳ ሶኬት ስለሌለም ብዙ ሰው አምፖሉን ፈትቶ የማሽኑን ገመድ እዚያ ላይ ያስር ነበር። እንዲህ ያለውን ዕቃ ማን ይገዛል? ሁቨር በ1908 መጨረሻ በሳተርደይ ኢቪኒንግ ፖስት መጽሔት ማስታወቂያ አወጣ፤ ለጠየቀ ሰው ማሽኑ ቤቱ ድረስ መጥቶ 10 ቀን በነፃ ይሞከራል። ጥያቄው ሲደርሰው በዚያ ከተማ የታመነ ሱቅ ፈልጎ ማሽኑን በእሱ በኩል ይልካል፤ ደንበኛው ካስቀረው ሱቁ ኮሚሽን ያገኛል። በዚህ መንገድ በየከተማው ወኪል አፈራ። ከሁሉ በላይ ግን ማሽኑ የሚፈተነው በገዢዋ በራሷ ምንጣፍ ላይ ሆነ። ሳምንት ሙሉ የሞላውን ከረጢት አንዴ ያራገፈች ሴት ማሽኑን መልሳ መላክ ይከብዳታል፤ ያየችውን እንዳላየች ልትሆን አትችልም።

ክሊቭላንድ ውስጥ ደግሞ ጂም ከርቢ የተባለ ፈልሳፊ ነበረ። ስኮትና ፌትዘር የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1914 ያቋቋሙት የብረታ ብረት ሥራ ድርጅት የእሱን ማሽኖች ያመርት ጀመር። ከእነዚህ አንዱ ቫኩዌት የሚባለው ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ነበር፤ ሲገፉት ጎማው በጥርስ አማካይነት ማራገቢያውን ያዞራል። መብራት ላልገባበት ቤት ታስቦ የተሠራ ነው። በ1935 ሞዴል ሲ ከርቢ በሚል ስም ወጣ። ከርቢ ሱቅ ገብቶ የሚገዛ ዕቃ አልነበረም፤ ሻጩ በር አንኳኩቶ፣ ማሽኑን ተሸክሞ ገብቶ፣ ሳሎን ውስጥ እያሠራ ያሳያል። ዋረን በፌት ይመራው የነበረው በርክሻየር ሃታዌይ በ1986 ስኮት ፌትዘርን ሲገዛ ከከርቢ ጋር ወርልድ ቡክ ኢንሳይክሎፒዲያንም አብሮ አገኘ። መጽሐፉም ማሽኑም በአንድ ዘዴ፣ በር በማንኳኳት፣ የሚሸጡ ነበሩ።

ይህን ንግድ ያደለበው የምንጣፉ ዓይነት መለወጡ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዳልተን፣ ጆርጂያ የሚገኙ ፋብሪካዎች ክሩን በመርፌ እየተከሉ ርካሽ ምንጣፍ በብዛት ማምረት ጀመሩ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚነጠፈው ምንጣፍ ተራው ሰው ቤት ገባ። ወለሉ ላይ የተመታ ምንጣፍ አይወጣ፣ አይሰቀል፣ አይደበደብ። የቤቱ ሰው ከሥር ያለውን አያውቅም፤ ስለማያውቅም ይጠራጠራል። ሻጩ የሚመጣው ለዚህ ጥርጣሬ መልስ ይዞ ነው።

የልጅ ልጆቻቸውን ሊያሳድጉ ከአገር ቤት የመጡ አንዲት እናት ያጫወቱኝን ላውጋችሁ። የማሽኑን ስም ልተወው።

«ልጄ፣ ትሕትናው ለጉድ ነው» አሉኝ ስለ ሻጩ። «ጫማውን አውልቆ ገባ፤ እኔም ቡና አቀረብኩለት። የልጅ ልጄ ያስተረጉማል። ከዚያ ነጭ ጨርቅ እያስገባ፣ ትንሽ እየገፋ፣ እያወጣ፣ ሳሎኑን ሞላው። ሁሉም ጥቁር! እኔ እኮ በየቀኑ ነው የምጠርገው። በመጨረሻ ፍራሹንም ልይ አለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።»

«ታዲያ ምን አሉት፣ እማማ?»

«ምን እላለሁ! ልጄ ከሥራ ስትገባ ጨርቁን አሳየናት፤ ፈረመች።»

የፈረመችው በየወሩ እየተከፈለ ለሚያልቅ ወደ ሁለት ሺህ ዶላር ነው። ልነግራቸው ያልቻልኩት ነገር ቢኖር ማንኛውም ምንጣፍ፣ የትኛውም ማሽን ጠርጎት ቢሆን፣ ለአዲስ ጨርቅ አቧራ እንደማያጣ ነው። በሰው ቤት ተቀምጦ ይሉኝታን የሚጠቀም ሻጭ አሜሪካኖችንም አስመርሯል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከ1974 ጀምሮ ቤት ለቤት የተሸጠ፣ 25 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ዕቃ ገዢው እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ውሉን ማፍረስ እንዲችል ደንግጓል። እማማ ይህን ከእኔ ሲሰሙ ቀኑ ካለፈ ቆይቷል።

የሚገርመው ማሽኑን አልጠሉትም። ይዘውት የመጡት ትንሳኤ ባለፈ ሰሞን «ተቃጠለብኝ» ብለው ነው። ገልብጬ የታችኛውን ክዳን ስከፍት የተቃጠለ ጎማ ሽታ ወጣ። ብሩሹ አይታይም፤ ለበዓል የተጎዘጎዘው ቄጤማ፣ የልጆቹ ፀጉርና የነጠላ ጥለት ክር ተገምደው ጠምጥመውታል። ብሩሹ መዞር ሲያቅተው ሞተሩ አላቆመም፤ ዘንጉ ቺንጋውን እንደያዘ ሲፈትገው ጎማው ቀልጦ ተበጠሰ። ግምዱን በምላጭ ቆርጬ አወጣሁ። ከጥጉ ፈንዲሻና ሁለት የቡና ፍሬ ተገኘ። ኩሽኔታው ደህና ነው፤ ማራገቢያውም አልተሰነጠቀም። ጥቂት ዶላር የሚያወጣ ቺንጋ አገባሁበትና ሲነሳ እንደ ድሮው አጉራራ። «ቄጤማውን በእጅ ያንሱት፣ እማማ» ብዬ ሸኘኋቸው።

ከባለቤቶቹ የምሰማው ሁሉ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው እሮሮ ነው። የአሉሚኒየም አካል ያላቸው ማሽኖች ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፤ አንዳንዶቹ በራሳቸው ጉልበት ወደፊት ስለሚሄዱ ምንጣፍ ላይ ቢቀሉም ደረጃ ላይ ሸክም ናቸው። ወገቧን የሚያማት ሴት ፎቁ ላይ አንድ ርካሽ ማሽን ገዝታ ትተዋለች፤ ውዱ ምድር ቤት ይቀራል። ሁለተኛው ውዳሴ ነው። ከእናታቸው የወረሱትን፣ 30 ዓመት ያለፈውን ማሽን ለካርቦን ለውጥ ብቻ የሚያመጡልኝ አሉ። ብሎኑ ይፈታል፣ ኩሽኔታው ይወጣል፣ ዕቃው ይገኛል። ከርቢም ለመጀመሪያው ገዢ ማሽኑን ፋብሪካ አስገብቶ እንደ አዲስ አድርጎ የመመለስ አገልግሎት ይሰጥ ነበር። የመደብሩ የፕላስቲክ ማሽን ግን ክዳኑ ተነክሶ የተዘጋ ነውና ሊከፈት ሲሞከር ይሰበራል።

እንግሊዛዊው ጄምስ ዳይሰን ሻጩን ከሳሎን አስወጣው፤ ብልሃቱን ግን አልተወም። ከረጢቱ ሲደፈን መሳቡ እንደሚደክም ተመልክቶ፣ የእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ላይ ያየውን አየር እያሽከረከረ ብናኝ የሚለይ ሾጣጣ ዕቃ ወደ ቫኪዩም ለማምጣት 5,127 ናሙና ሠራ። ማሽኑ በ1986 በቅድሚያ ጃፓን ውስጥ በ2,000 ዶላር ገደማ ተሸጠ፤ በራሱ ስም ዲሲ01 ብሎ እንግሊዝ ውስጥ ያወጣው በ1993 ነው። የአቧራ ማጠራቀሚያውን ውስጡን የሚያሳይ ፕላስቲክ ሲያደርገው ነጋዴዎች ሰው ቆሻሻ ማየት አይፈልግም ብለው ተቃወሙት። ሰው ግን ገዛው። ቡዝ በቱቦ ያሳየውን፣ ሻጩ በነጭ ጨርቅ የሚዘረጋውን፣ ዳይሰን ማሽኑ ራሱ በየቀኑ እንዲያሳይ አደረገው። በዚያው ዘመን የእንግሊዙ የሁቨር ቅርንጫፍ አቧራውን ትቶ በሌላ ነገር ሊሸጥ ሞከረ፤ በ1992 የ100 ፓውንድ ዕቃ ለገዛ ሁለት የአሜሪካ ደርሶ መልስ ቲኬት እሰጣለሁ አለ። ሰው ለቲኬቱ ሲል ቫኪዩም ገዛ። ኩባንያው ወደ 50 ሚሊዮን ፓውንድ ከሰረና በ1995 ለጣሊያኑ ካንዲ ተሸጠ።

የኖርዝ ካንተኑ የሁቨር ፋብሪካ በ2007 ተዘግቷል። ማሽኖቹ ግን አሁንም ወደ ሱቃችን ይመጣሉ፤ አንዳንዴም የሟች ንብረት ሲከፋፈል ገዝተን፣ አድሰን እንሸጣቸዋለን። ሳሎን ውስጥ ሁለት ሺህ ዶላር የተባለው ማሽን፣ ሞተሩ ያው፣ ብሩሹ ያው፣ እኛ ዘንድ በጥቂት መቶ ዶላር ይሄዳል። ልዩነቱ የት ገባ ለሚለኝ ደንበኛ መልሴ አጭር ነው፦ የነጭ ጨርቁ ዋጋ ነው። ስለዚህ ውድ ቫኪዩም ልግዛ ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ አቧራውን አይይ እላለሁ፤ አቧራ የማያወጣ ማሽን የለም። ይልቅ ገልብጦ ሥሩን ይይ። ብሎን ካለው፣ ቺንጋውና ካርቦኑ ለብቻቸው የሚገዙ ከሆነ፣ ገንዘቡ ባክኖ አይቀርም።