ፖሊ፣ ፔዳ፣ ዘንዘልማ፣ ቡሬ፦ የግቢዎቻችን ታሪክ

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ሄዶ ባሕር ዳር የተማረ ሰው "የት ነው የተማርከው?" ቢባል "ፔዳ" ወይም "ፖሊ" ይላል። "ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ" የሚለው ቅጽ ሲሞላ ነው። አሁን ግቢ ያላችሁ ልጆች ስሞቹ የሰፈር መጠሪያ ሊመስሏችሁ ይችላል። ሁለቱም ግን ዩኒቨርሲቲው ከመወለዱ በፊት ራሳቸውን ችለው የኖሩ ተቋማት ናቸው።

ታላቁ ፖሊ ነው። ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ ተቋቋመ። ሥራው የሙያ ሰው ማፍራት ነበር፦ ኤሌክትሪክ፣ ብረታ ብረት፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ የእርሻ መሣሪያ፣ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ። ከተማዋ ያኔ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተተከለባት ናትና ነገሩ ገጥሟል። እንዲህ ያለ ትምህርት ከጥቁር ሰሌዳ እኩል ወርክሾፕ ይፈልጋል።

ፔዳ ቀጥሎ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1972 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት፣ ዩኔስኮና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ተስማምተው የፔዳጎጂ አካዳሚውን አቋቋሙ፤ በዓመቱም ሥራ ጀመረ። "ፔዳ" የሚለው ስም ከዚያ የቀረ ነው። ዓላማው ክፍል ውስጥ የሚያስተምር ሰው ከማሠልጠን ያለፈ ነበር። የሚመረቀው ሰው የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን የሚያውቅ፣ ጎልማሳ የሚያስተምር፣ የማኅበረሰብ ልማት የሚያግዝ እንዲሆን ታስቦ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ግቢው ከተማ ቢሠራም የታሰበለት ሰው ገጠር ነበር።

ሁለቱ ተዋህደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሆኑት ሚያዝያ 28 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው። ማኅተሙ አንድ ሆነ፤ አጥሩ ግን ሁለት ሆኖ ቀረ፣ ስሙም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ ግቢ በግቢ ላይ ተጨመረ፦ ይባብ፣ ለግብርና ዘንዘልማ፣ ለሕክምና ደግሞ የጥበበ ግዮን ሆስፒታል ያለበት ሰባታሚት።

ቅደም ተከተሉን አስተውሉልኝ። መጀመሪያ ፋብሪካ፣ ቀጥሎ መምህር፣ ገበሬው መጨረሻ። ጎጃም እኮ የእህል አገር ነው! ሆኖም የገበሬ ልጅ ግብርናን በዲግሪ ልማር ሲል ለረጅም ዘመን ዓለማያ ድረስ፣ ሐረርጌ መሄድ ነበረበት። ከወጀት (የዛሬዋን ፍኖተ ሰላም የድሮ ስም እያልኩ ነው) እስከ ዓለማያ ስንት አገር እንደሚቆረጥ ካርታ አውጥታችሁ እዩት።

ርቀቱ ያጠረው በኛ ዕድሜ ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ፤ ኋላም ቡሬ ላይ ካምፓስ ከፈተ። ፍኖተ ሰላምም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት፤ የገጠሩን ትምህርት ቤት መምህር እዚሁ ቅርብ ታሠለጥናለች። የቡሬው ካምፓስ ዙሪያው በቆሎ፣ ስንዴና በርበሬ ነው፤ በዚያው ከተማ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። ፋብሪካው፣ መምህሩና ገበሬው ለመጀመሪያ ጊዜ በእግር በሚደረስበት ርቀት ተገናኙ ማለት ነው።

ግን ቅርበት ብቻውን ምንም አይሠራም። በእኛ አገር ግቢ የሚሰፋው ብዙውን ጊዜ በእርሻ መሬት ላይ ነው። አንድ ጥማድ መሬት ወደ ዶርምና ካፌ ሲቀየር፣ ያ መሬት ያበላ የነበረው ሰው በምላሹ ምን አገኘ? ልጁ ገብቶ መማሩ አንድ ነገር ነው። የበርበሬ ችግኙ ሲጠወልግበት አባትየውስ በዚያው በር ገብቶ "ምን ላድርግ?" ብሎ ይጠይቃል ወይ? ጥበቃው "መታወቂያ" ብሎ ከመለሰው፣ ዓለማያም ቡሬም ለእሱ እኩል ሩቅ ናቸው።

ስለዚህ የዩኒቨርሲቲን ዕድገት በሕንፃ ብዛት አንቁጠር። ፖሊ ለማን እንደተሠራ ይታወቅ ነበር፤ ፔዳም እንዲሁ። የቡሬው ለማን እንደተሠራ የሚታየው በበሩ በሚገባው ሰው ነው።

እናንተስ የየትኛው ግቢ ልጆች ናችሁ? ስትገቡ የነበረውንና ዛሬ የተቀየረውን ከታች ጻፉልኝ። በተለይ የድሮ ፖሊዎችና ፔዳዎች፣ ፎቶ ያላችሁ አትደብቁን!